የዕድሩ ወንበሮች በዳንኤል ቤት

እሑድ

አላለፈም። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ አላለፈም።

ከአዳራሹ ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ዳር ተቀመጥኩ። ፓርቲው እዚህ ካናዳ ከእኛ ሰፈር ከስካርቦሮ ለኦንታሪዮ ፓርላማ የሚያቀርበው አንድ ሰው ነው፤ እሱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። እኛ ዳንኤል ብለን ነበር። ማርጋሬት የምትባለው አሸነፈች።

ለሌላው ሰው ምርጫ ነው። ለእኔ ናሆም ነው። ልጄን ሠራተኛ የሚያከራይ ኤጀንሲ ወደ መጋዘን ላከው። ስለ ማሽኑ ማንም ሳያስረዳው ሥራ ጀመረ፤ አልተመለሰም። ኤጀንሲው «ማሽኑ የመጋዘኑ ነው» አለ። መጋዘኑ «ልጁ የኤጀንሲው ነው» አለ። ቤቴ መጥቶ፣ «እትዬ ወይንሸት፣ ሁለቱም የሚጠየቁበት ሕግ እንዲወጣ እታገላለሁ፤ አይጠራጠሩ» ያለኝ ዳንኤል ብቻ ነው። በዚህ ጉልበቴ ያን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት፣ የናሆምን ፎቶ ይዤ የሰው በር ያንኳኳሁት ለዚህ ነው።

ጎረቤቴን አስቴርን ከማርጋሬት ሰዎች ጋር ቆማ ስታጨበጭብ አየኋት። ስታየኝ እጇን አወረደች።

ሰኞ

ሥራ ዋልኩ። የአረጋውያን መጦሪያውን አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። አንሶላ ደግነቱ ምንም አይጠይቅም።

ከሥራ ስመለስ ጋሽ መኮንን ደወሉ። የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ከእኔው ፎቅ። «ዳንኤል ቤት እንሂድ። ብቻውን አንተወውም» አሉ።

ስደርስ በሩ ላይ ጫማ ተቆልሏል። ወንዶቹ ግድግዳውን ተከትለው አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አንዷ ምስር ወጥ በድስት ይዛ መጥታለች። ወንበሮቹ የዕድሩ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ያለውን ቀይ ቀለም አውቀዋለሁ፤ ናሆም የሞተ ጊዜ እኔ ቤት ነበሩ። ጋሽ መኮንን በመኪናቸው ጭነው አምጥተዋቸዋል። የት እንደምቀመጥ ጠፋኝ። ቆሜ ቀረሁ።

የዳንኤል ባለቤት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ከሥራ ስትገባ ሁላችንን አይታ ደረቀች። «ሁ ዳይድ?» አለች፤ ማን ሞተ ማለቷ ነው።

ጋሽ መኮንን «አይዞሽ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት። ጭራሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ዳንኤል ከኩሽና ብቅ ብሎ «እኔ ነኝ፣ አትደንግጪ» አላት። የሳቀም ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

የተሸነፈ ሰው ደጋፊ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አላስተማረንም። የምናውቀው ለቅሶ መድረስ ነው።

ዳንኤል ሻይ ሊያፈላ ሲገባ ወሬው ተለወጠ። አንዱ «በዋናው ምርጫ ቀን ቤታችን እንቀመጥና ማርጋሬት ትየው» አለ። ሌላው «ምን መቀመጥ፣ ለሌላው ፓርቲ ነው መስጠት» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፎቶውን ይዤ ቪዲዮ ላይ እንድናገር ፈለጉ። «‹ማርጋሬት የልጄን ደም ረግጣ አለፈች› በይ። ሌላ ምንም አትጨምሪ» አሉኝ ጋሽ መኮንን።

እሺ አልኩ። ተናድጄ ነበር።

ማክሰኞ

ማርጋሬት ምን አድርጋኛለች? ስለ ናሆም ማን ነገራት? የስንቱን በር ሳንኳኳ የእሷን አላንኳኳሁም።

ዳንኤል ደወለ። «እትዬ፣ ቪዲዮ የሚባለው እውነት ነው?»

«ለአንተ ብለን ነው።»

«ለእኔ ከሆነ ይተዉት። ለማርጋሬት ትናንት ኮል አድርጌ እንኳን ደስ አለሽ ብያታለሁ።»

«ምነው ቸኮልክ» አልኩት። ከፍቶኝ ነበር።

«የኤጀንሲውን ሕግ ከያዝሽው እኔም በር አንኳኳልሻለሁ አልኳት። አስብበታለሁ አለች።»

«አስብበታለሁ ማለት ምንድነው?»

«እሺ አይደለም። እምቢም አይደለም።» ቀጠለና፣ «እኔ ተሸንፌያለሁ፣ እትዬ። ናሆም ከእኔ ጋር እንዲሸነፍ አልፈልግም» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ

ጋሽ መኮንን ስልክ የሚይዝላቸው ሰው አስከትለው መጡ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ፎቶውን ከግድግዳ ሊያወርዱ ሲሉ «ይቆይ» አልኩ።

«ፈራሽ?»

«አልፈራሁም። አልረገጠችማ። ውድድር ነው ያሸነፈችው።»

«እኛስ? የደከምነው ከንቱ ቀረ?»

«እኔም ደክሜያለሁ ጋሼ። ጉልበቴን ይዩት።»

«አስቴር ናት ያዞረችሽ» አሉና ተነሡ። ሻዩን አልነኩትም። ሶፋውንም እንደዞረ ትተውት ሄዱ።

አስቴር አላዞረችኝም። አስቴር ናሆም የሞተ ጊዜ እኔ ቤት መሬት ላይ አብራኝ የተኛች ናት። ማርጋሬት የአስቴርን ልጅ ትምህርት ቤት ስላስገባችላት ከእሷ ጋር ቆመች። በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁለታችንም የፎቁን ቁጥር እናያለን።

ሐሙስ

አስቴር ቤት ሄድኩ። ስትከፍትልኝ ለቅሶ ቤት እንደሚገባው ሰላም ሳልል ገባሁና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ደነገጠች። «ወይኔ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም። ተሸንፌ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ አለቀስን። «ሰኞ ምስር ሠርቼልሽ ነበር» አለች። «እንዴት ይዤ ልምጣ? ገዳይዋ መጣች ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«የታለ ምስሩ?»

«በላነዋ፣ አንቺዬ።»

ከእሷ ቤት ስወጣ ደረቴ ቀለል አለኝ። ልጄ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ዓርብ

ለአስቴር ደውዬ «ማርጋሬት ጋ ውሰጂኝ» አልኳት። «ነገ» አለች። ፎቶውን በንጹሕ ሻሽ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ

ቢሮው የፈረሰ ሱቅ ይመስላል። ማርጋሬት ከእኔ ታጥራለች። አስቴር አስተረጎመችልኝ። ኤጀንሲውን፣ መጋዘኑን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ስትሰማ ቆየች።

«ይሆናል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም» አለችኝ። «ግን ከዳንኤል ጋር ማክሰኞ ኑ። የሕጉን ሐሳብ አብረን እንጻፈው።»

ቃል አልገባችም። አስቴርን ደግሜ ጠየቅኳት፤ አልገባችም። ስወጣ ግን የማርጋሬትን የቅስቀሳ ወረቀት አንድ እስር ወሰድኩ። ለእኔ ፎቅ ብቻ።

ወረቀቱን በፎቄ በየበሩ ሳድል የመጨረሻው በር የጋሽ መኮንን ነበር። አንኳኳሁ። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ብብቴ ሥር ያለውን ፎቶ አዩ። በሩን የሚዘጉብኝ መሰለኝ።

«ወረቀቱን አልቀበልም» አሉ።

«ይሁን፣ ጋሼ።»

ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሲወጡ ከዕድሩ ወንበሮች አንዱን ይዘዋል። ኮሪደሩ ላይ ዘርግተው አስቀመጡልኝ።

«በዚህ ጉልበትሽ ቆመሽ አታውሪኝ» አሉ። «ምን አለችሽ?»

ተቀመጥኩ።