ቦታ ጠባቂው ጥርስ

ሰኞ
ሐያት ዛሬም በግራ በኩል ብቻ አላመጠች። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። የቀኝ መንጋጋ ጥርሷ ከተቦረቦረ ቆይቷል፤ እኔ ግን «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» እያልኩ ችላ አልኩት። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከባቲ የመጣችው እናቴ መንቀያ ክር አዘጋጅታ «ነይ ያ ኢንታሎ፣ ነይ አንቺ ልጅ፣ አንዴ ነው!» ትላታለች። ልጅቷ አልጋ ሥር ገባች።

ማክሰኞ
ከሥራ አስፈቅጄ ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። እማዬም ተከተለችን፤ ባጃጁ ውስጥ መንገዱን ሙሉ «ለሚወድቅ ጥርስ!» ስትል ነበር።
ሐኪሟ ወጣት ናት። አይነቀልም አለች። የወተት መንጋጋው ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል፤ ያለጊዜው ከወጣ ጎረቤቶቹ ይጠጋጉና አዲሱ መውጫ አጥቶ ጠማማ ሆኖ ይበቅላል። ነርቩ ካልተነካ ቀዳዳው ሐሙስ ይሞላል። ለእማዬ በኦሮምኛ ደግማ አስረዳቻት።

ረቡዕ
ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መጻፉ ነው የከበደኝ። የእኔን የወተት መንጋጋዎች በልጅነቴ በክር የነቀለችው እማዬ ናት። በሠርጌ ቀን እንኳ ጠማማ ጥርሶቼ እንዳይታዩ አፌን ገጥሜ ነው ፎቶ የተነሳሁት። ስስቅ በሻሼ ጫፍ አፌን እሸፍናለሁ፤ ሰው ጨዋነት ይመስለዋል። ትናንት ሐያትም ስትስቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሱ ነው ያንገበገበኝ።
እማዬ ያዘጋጀችው ክር አሁንም መስኮቱ ላይ ነው።

ሐሙስ
ተሞላ! ነርቩ አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ሐያት ጣቶቼን ጨምቃ ጨምቃ አደነዘዘቻቸው። ከመተኛቷ በፊት እኔ ራሴ እንድቦርሽላት፣ ሸንኮራና ከረሜላ እንድቀንስ፣ በስድስት ወር እንድመልሳት ታዘዝኩ። መሙያው እስከዚያ ይቆይ እንደሆነ ሐኪሟም እርግጠኛ አይደለችም።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ እማዬ ሐያትን ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻት። «እስቲ ክፈች» አለችና አይታ «ማሻ አላህ» አለች። ክሩ መስኮቱ ላይ የለም።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንችም ክፈችው።»
በቀልድ ላልፈው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ሻሼን ከአፌ ላይ አወረድኩ። አገጬን ይዛ ጥርሶቼን አንድ በአንድ አየቻቸው።
«አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ» አለች።
የትናንት ወዲያ ንዴቴን ፈለግሁት፤ አጣሁት። «አውቃለሁ፣ እማዬ» አልኳት። አፌ እንደተከፈተ ስለነበር ቃሉ በደንብ አልወጣም። እሷ ግን ሰማችኝ።