ከንባብ ክፍል ስለማይወጣው የጨዋታ መምሪያ

ሆሳዕና፣ እሮብ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዳኘ
የወጣቶች ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ በተለይም ሰሞኑን በማስወገጃ ቅጾች ላይ ሲፈርም የሰነበተው ቀኝ እጅዎ ፈጥኖ እንዲበረታ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በቢሮዎ ደጅ ሳልፍ ሰላም ብዬዎት የማላውቀው ከንቀት ሳይሆን ድምፄ ስለማይወጣ ነው። ዛሬም በአፌ መናገር አቅቶኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፈው መሆኔን ሳምን አፍራለሁ። በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው፣ አረንጓዴ ሹራብ የምለብሰው ልጅ ነኝ። ካላስታወሱኝ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሰኞ ዕለት የተለጠፈውን የሚወገዱ መጻሕፍት ዝርዝር ቆሜ አነበብኩት። ተራ ቁጥር 23 እንዲህ ይላል፦ «የኮምፒውተር ጌም መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ፣ ብዛት አንድ። ምክንያት፦ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ በውሰት አልወጣም፤ መረጃው በኢንተርኔት ይገኛል፤ ሽፋኑ ላይ ቀንድ ያለው ፍጡር አለ።» ዓርብ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ፣ በኪሎ ተሸጦ ለሱቆች መጠቅለያ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በፊት የተወገዱት የት እንደደረሱ ለማወቅ አልተቸገርኩም። ባለፈው ወር ከጋሽ ናስረዲን ሱቅ በርበሬ ስገዛ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ በሥዕል ተብራርቶ አግኝቼ፣ ሳላስበው የስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂን ከልሼ ገብቻለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ንባብን እስከ ማጀት ድረስ ስላደረሰልን ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ስለ ተራ ቁጥር 23 ግን፣ ጊዜዎን እንዳላባክን በቁጥር ከፍዬ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መጽሐፉ በውሰት አልወጣም የተባለው ፍጹም እውነት ነው። ሊወጣም አይችልም። ከውጭ አገር በስጦታ በመጣ ካርቶን ውስጥ ተገኝቶ ገና መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ከንባብ ክፍል አይወጣም» የሚል ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከማኅተሙ ሥር ያለውም ፊርማ የእርስዎ ነው። እንዳይወጣ ያዘዙትን መጽሐፍ ስላልወጣ ማባረር ከፍተኛ የአስተዳደር ጥበብ ስለሚመስለኝ፣ እንደኔ ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ባይገባው አይደንቅም።

ለማያውቁት አንባቢዎች ላስረዳ። መጽሐፉ ስለ አንድ የኦንላይን ጨዋታ የተጻፈ መምሪያ ነው። ጨዋታው ውስጥ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በኢንተርኔት አንድ ዓለም ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ቀስተኛ፣ አንዱ ፈዋሽ ሆኖ በቡድን ይጓዛሉ። መምሪያው መንገዱን፣ ካርታውን፣ ለየትኛው ቁስል የትኛው ቅጠል እንደሚሆን ይናገራል። የምንጫወተው በጋሽ ናስረዲን ልጅ በሃቢባ ስልክ ነው። በንባብ ክፍሉ ስልክ ክልክል ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ ከንባብ ክፍሉ ውጭ ክልክል ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ አክስቴ እልፍነሽ ከክርና ቁልፍ ሱቋ በምትለቀኝ አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ገጽ በቃሌ እይዝና፣ እንዳይጠፋብኝ እያነበነብኩ፣ የማውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም ሳልል አስፋልቱን ተሻግሬ እሮጣለሁ። ሃቢባ ገና ከሩቅ ስታየኝ «ቤተ መጻሕፍቷ! ፍጠኚ በይ፣ ሊጨርሱን ነው! በግራ ነው በቀኝ?» ብላ ትጮኻለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ባጃጅ ሲያስደነግጠኝ ግራና ቀኙን አደባልቄው ሁለታችንም ገደል ገባን። ሃቢባ ለአንድ ሳምንት «አንቺ መምሪያ ሳትሆኚ መቅሰፍት ነሽ» ስትለኝ ከርማለች። ይህን ሁሉ ውሰት ብሎ የሚመዘግብ ቅጽ እንደሌለዎት ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ መረጃው በኢንተርኔት ይገኛል በመባሉ ወዲያው ሄጄ ፈለግሁት። የማዕከሉ የኢንተርኔት ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ነው ተባልኩ፤ በመስኮት ሳይ ኮምፒውተሮቹ አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሰው በሰላም አርፈዋል። ወደ ሃቢባ ስልክ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ስልኩ ቻርጅ አልነበረውም። ሦስተኛው ቀን አንድ ሰው በቪዲዮ መልሱን ሊነግረን ብቅ አለና፣ በመጀመሪያ ስለ ራሱ፣ ቀጥሎ ስለ አንድ የጥርስ ሳሙና አውርቶ ወደ ነገሩ ሊገባ ሲል ዳታው አለቀ። መጽሐፉ በበኩሉ በእነዚያ ሦስት ቀናት አንዴም አልጠፋም። ከጀርባው ማውጫ አለው፤ ፊደሉን ፈልጎ መግለጥ ነው። ጥርሴን በምን እንደምፋቅም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሦስተኛው የቀንዱ ነገር ነው። ይህን ለእምነታችን ከማሰብ እንዳደረጉት ስለማውቅ በትሕትና ብቻ እናገራለሁ። በሽፋኑ ላይ ያለው እንስሳ ገጽ 140 ላይ ስሙም ሥራውም ተጽፏል፤ የመንገደኞችን ዕቃ የሚሸከም የጭነት እንስሳ ነው። እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ ማንንም የማይወጋው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቀንድ ያለው ሁሉ ይወገድ ከተባለ የሌሞ ወረዳ ገበሬ በሬውን የት እንደሚያደርሰው የማስወገጃ ኮሚቴው ቢያስብበት መልካም ነው።

አሁን ቁጥሩን ልተወው፤ የሚቀጥለው አቤቱታ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

ገጽ 61 ላይ ወደማያውቁት ሰዎች ቡድን ለመግባት እንዴት እንደሚጠየቅ ተጽፏል። ስምህን ተናገር ይላል። የምትችለውን ተናገር ይላል። ስለመጣህ ይቅርታ አትጠይቅ ይላል። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አዲስ ልጆች ሲቀበሉ፣ እስኪጨርሱ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳልገባ ወደ ቤቴ የሄድኩ ሰው ነኝ። አክስቴም አይታኝ «ደጃፍ ላይ ቆመሽ ማን ገፍቶ እንዲያስገባሽ ነው የምትጠብቂው?» ብላኛለች። ይህን ገጽ ያነበብኩ ዕለት በሃቢባ ስልክ ላይ ስሜንና ፈዋሽ መሆኔን ጽፌ ላክሁ። አገራቸውን የማላውቃቸው አምስት ሰዎች ነይ አሉኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ነይ ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህ ለከተማችን ልማት ያለው አስተዋጽኦ አነስተኛ ስለሆነ በዝርዝሩ አለመጠቀሱ ተገቢ ነው።

ለእውነት ስል፣ መጽሐፉ እንዳረጀ እኔም አምናለሁ፤ ኮሚቴው ይህን ሳያነሳ ማለፉ ገልጦት እንደማያውቅ ያሳየኛል። ጨዋታው በየጊዜው ይለወጣል፤ የታተመ ወረቀት አይለወጥም። ገጽ 88 ላይ ያለው ወደብ ከጠፋ ቆይቷል፤ በዚያ ልሻገር ብዬ መርከብ ስጠብቅ አመሸሁ። ከዚያ በኋላ ነው ያን ያደረግሁት። በጠርዙ ላይ በእርሳስ «ይህ ወደብ የለም፤ በድልድዩ ሂዱ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ የቅጠሎቹን ስም በአማርኛ፣ አማርኛው አልመጣልኝ ሲል በሀዲይሳ ጻፍኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹን። አሁን ከ312 ገጾች ባዶ ጠርዝ ያለው አንድም ገጽ የለም። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በእጄ የሠራሁት ሥራ ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂም የለውም።

የመንግሥት ንብረት ላይ መጻፍ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩትም ስለዚህ ነው። «መጽሐፉን አትጣሉት» ለማለት መጀመሪያ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እንግዲህ ብያለሁ፤ በሰሌዳ ላይ፣ በስሜ።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደማደርግ አንድ ጊዜ እንኳ ቀረብ ብለው ሳያዩ፣ በሰፊ ነጻነት እንድሠራ ስለፈቀዱልኝ የማይቋረጥ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ለንባብ ያለዎትን ፍቅር በኪሎ እስኪመዝኑት ድረስ የማደንቅ፣
ታዛዥዎ
ገነቴ ጠና

ማሳሰቢያ፦ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ሙጫ እስኪመጣ ስጠብቅ በንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን የአጠቃቀም ደንብ አነበብኩ። እርስዎ ስላወጡት ማንበቡ ለእርስዎ አድካሚ ሊሆን ስለሚችል ተራ ቁጥር ስድስትን ልገልብጥልዎ፦ «በመጽሐፍ ላይ የጻፈ ተጠቃሚ የተበላሸውን መጽሐፍ ራሱ ወስዶ በምትኩ ሌላ መጽሐፍ ያስገባል።» ከአራት ዓመት ወዲህ ይህን ደንብ ሊያስከብር የመጣ ጥፋተኛ ባለመኖሩ ሳያዝኑ አልቀሩም። ስለዚህ ነገ ሐሙስ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ቢሮዎን አንኳኩቼ እገባለሁ። በምትኩ የማስገባው መጽሐፉን ቃል በቃል የፈታሁበትን መዝገበ ቃላቴን ነው፤ ሌላ መጽሐፍ የለኝም። ምናልባት ለእኔ ያዘነ ሰው «አጥፊውና ይቅር» ሊለኝ እንደሚችል አስቤበታለሁ። ላጲስ ይዤ አልመጣም።