ስለ መኪናዎ ሲጢጢታ፣ ከሥሯ ተኝቼ ያየሁት

ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን
(ቢሮ ከሌሉ በሩ ላይ ይለጠፍ)

ጉዳዩ፦ መኪናዎን ለሦስት ቀን ዝም በማሰኘቴ ስለቀረበብኝ ክስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ደህና ነው? ጉልበትዎስ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም? በተለይ የእግርዎ ጣቶች እንዴት ናቸው? ጣቶችዎን ለይቼ የጠየቅሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል። እኔ ደህና ነኝ፣ ቢያንስ እስከ ሰኞ።

ረስተውኝ ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁት ልጅ ነኝ። የፈተና ወረቀት ፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ከምክትልዎ ቢሮ እየወጣ ነው ብዬ ልነግርዎት መጥቼ ነበር። «ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። ማስረጃ ስላልነበረኝ ጮኽኩ። «መጀመሪያ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ከዚያ ምክትሉን ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም፤ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። አሁን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጋራዥ ውስጥ መኪና እሠራለሁ። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ «ብሎኗ» ይሉኛል፣ አንዴ ከጠበቅሁ ስለማልፈታ።

ድምፅ ከተነሳ አይቀር ወደ መኪናዎ ልምጣ። ያቺ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪናዎ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ድሮ ቀይ ነበረች ይባላል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን ጉብታ ስትወጣ አንዴ፣ ስትወርድ ሁለቴ ሲጢጥ ትላለች። ይህን ስምንት መቶ ተማሪ ያውቃል። ሲጢጥ ስትል ጥበቃው ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ የታሪክ አስተማሪው ጠመኔ ያነሳሉ፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ያለው የመጫወቻ ካርታ ወደ መሳቢያ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ደወልም አለው፣ ግን ለደወሉ የሚደነግጥ ሰው አላየሁም።

የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ራስዎ ነድተው ጋራዥ አመጧት። «ይህን ድምፅ አጥፉልኝ፣ ሰው ፊት እያሳፈረኝ ነው» አሉ። ጋሼ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። የሚጮኸው ጎሚኒው ነበር፤ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሃል የሚገባው ላስቲክ ማለቴ ነው። ስምንቱም ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። አውጥቼ በአዲስ ቀየርኳቸው። የትኛው ከየት እንደወጣ እንዳይምታታብኝ አሮጌዎቹ ላይ በሐምራዊው የጥፍር ቀለሜ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጽፌባቸው ነበር። ጋሼ ደግሞ ሕግ አላቸው፤ ደንበኛ ዕቃው መቀየሩን በዓይኑ እንዲያይ አሮጌው ይመለስለታል። ስለዚህ ስምንቱን በፌስታል አድርጌ አስረከብኩዎት፣ እርስዎም መዝገቡ ላይ ፈርመው ተቀበሉ። ፊርማዎ በጣም ያምራል።

እንግዲህ በደሌን በቁጥር ላቅርብ። ነገር በቁጥር ሲሆን እንደሚወዱ ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ አውቃለሁ።

1. ሰኞ መኪናዎ ድምፅ ሳታሰማ ስለገባች ጥበቃው አፋቸውን ከፍተው እንደተኙ እርስዎ ደረሱባቸው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። እሳቸውም በአጥሩ ቀዳዳ «አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው?» ብለውኛል።

2. ማክሰኞ የታሪክ አስተማሪው ከነተማሪዎቻቸው በስልክ ኳስ ሲያዩ ደረሱባቸው። ውጤቱ እስኪታወቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር የሚባለውን እኔ አላምንም።

3. ረቡዕን ዘርዘር ላድርጋት። የምክትልዎ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ኮፒ ማሽኑ ይሠራል። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ገና ያልበረደ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ፈተናው በማግስቱ ሐሙስ ነው። እርስዎ በሩ ጋ ደረሱ፣ አዩ፣ ከዚያም ጫማዎ ድምፅ እንዳያሰማ በእግርዎ ጣቶች ወደ ኋላ ተመለሱ። ጠመኔ እንዲያመጣ የተላከ ሰው ከደረጃው ጥግ ያይዎት ነበር። ማን ነው ብለው አይድከሙ፣ በየቀኑ ጠመኔ የሚላክ ሰው ብዙ ነው። ጣቶችዎን ግን ስለዚህ ነው የጠየቅሁት።

4. ሐሙስ ጠዋት ጉብታው ላይ፣ ስትወጣ አንዴ፣ ስትወርድ ሁለቴ፣ ሲጢጥ። ጥበቃው ተነሱ፣ ጠመኔው ተነሳ፣ ኮፒ ማሽኑ ተዘጋ። አገር ሰላም ሆነ።

5. ዓርብ መኪናዋን ከደብዳቤ ጋር ለጋሼ ላኩላቸው። «ልጅቷ ቂም ይዛ መኪናዬን አበላሽታለች፤ እስከ ሰኞ ካልተባረረች የትምህርት ቤቱ አውቶቡሶች ሌላ ጋራዥ ይሄዳሉ» ይላል፣ ከነማኅተሙ። ጋሼ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አውቶቡሶቹ ከሄዱ አምስት ሠራተኛ ነው የማሰናብተው» አሉኝ። ነገሩ በእኔ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ እጮህ ነበር። አልጮኽኩም። ካርቶን አንጥፌ መኪናዎ ሥር ገባሁ።

ያየሁትን ልንገርዎት። አዲሶቹ ስምንት ጎሚኒዎች የሉም። በቦታቸው ያሉት የደረቁት፣ የተሰነጣጠቁት፣ ሐምራዊ ቁጥር ያለባቸው ናቸው። እንዲያውም ሦስተኛዋ የስድስተኛዋ ቦታ ገብታለች፤ ያስገባው ሰው ቸኩሏል። ጋሼን ጠራኋቸው። በዚያ በታመመ ወገባቸው ካርቶኑ ላይ ተኝተው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ሲወጡ መዝገቡን ከፍተው ፊርማዎን ብዙ ጊዜ አዩት።

ሰው መጠርጠር አልወድም፣ ግን እንቅልፍ ስላጣሁ ተራ በተራ ጠረጠርኩ። ጥበቃው እንቅልፍ ይወዳሉ፣ ነገር ግን ክሪክ አስገብተው መኪና ለማንሳት መንቃት አለባቸው። የታሪክ አስተማሪው ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ አያውቁም። ምክትልዎ በቂ ምክንያት አላቸው፣ ፌስታሉ ግን የላቸውም። ፌስታሉን ፈርሞ የወሰደው አንድ ሰው ነው። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬን በታላቅ አክብሮት አቆማለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይሰሙ ገብተው ሁሉን ያዩ ሰው፣ በአራተኛው ቀን ጥሩንባ እያስነፉ መግባት ለምን እንዳማራቸው ግን አሁንም እያሰብኩ ነው።

ስለዚህ ለጋሼ የጻፉትን ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት በሌላ ደብዳቤ፣ በዚያው ማኅተም፣ እንዲሽሩልኝ እለምናለሁ። ይቅርታ ይጠይቁኝ አልልም፤ ይቅርታ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ከራሴ አውቀዋለሁ። ድምፄን እንድቀንስ ስለመከሩኝም አመሰግናለሁ፤ ይኸው ቀንሼ፣ በጽሑፍ ነው የመጣሁት።

ከጉብታው ማዶ፣ እጇ ግሪስ፣ ጥፍሯ ሐምራዊ፣
የቀድሞ ተማሪዎ፣ የአሁን ተከሳሽዎ፣
ብሎኗ

ግልባጭ፦
ለወላጅ ኮሚቴ
ለጥበቃ ክፍል (ሲነቁ)
ለታሪክ አስተማሪው (ጨዋታው ሲያልቅ)
ለምክትል ርዕሰ መምህሩ (ማባዣው እሳቸው ጋ ስለሆነ የቀረውን ራሳቸው ያባዙልን)

ተጨማሪ፦ ባለፈው ዓመት ማስረጃ አምጪ ብለውኝ ነበር። የዘንድሮው ከባድ ስለሆነ ቢሮዎ ድረስ ላመጣልዎት አልቻልኩም፤ ከነስምንት ቁጥሩ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል፣ ማየት የፈለገ ሁሉ ካርቶን ይነጠፍለታል። መኪናዎን እንደገና ዝም እንዳሰኛት ከፈለጉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ምን ያደርግልዎታል፣ በእግርዎ ጣቶች ሲሄዱ ከእሷም የበለጠ ዝም ይላሉ።