የጉታ ቦታ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ አምቦ

እህቴ ጫልቱ ዛሬም በሒሳብ ከአሥር ሁለት። ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝና እራቷን መብላት ጀመረች። አላፈረችም፣ አላለቀሰችም። ከጀርባው በቀይ ተጽፏል፦ ወላጅ ይዘሽ ነይ።

እንዲህ ያለውን መልእክት ለአባዬ የሚያደርሰው ወንድማችን ጉታ ነበር። ያውቅበታል። መጀመሪያ ያስቀዋል፣ ከዚያ ይነግረዋል። ጉታ በየካቲት በተስቦ ሞተ። ይኸው ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ሳልጽፈው ነው የዞርኩት።

ስለዚህ እኔ ነገርኩት። ሳላስቀው። አባዬ ከወፍጮ ቤት እንደመጣ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ማንበብ አይችልም፤ ቀይ ቀለም ግን ምን እንደሆነ ያውቃል። ይህች ልጅ በፊት አምስተኛ አልወጣችም እንዴ? አለ። ወጥታለች። በመጀመሪያው መንፈቅ ከሦስተኛ ክፍል አምስተኛ። አሁን ጭራ።

አንተ ግን አትስጋ፣ ደብተር። እኔ ታደሰ ፈይሳ፣ የስምንተኛ ክፍል አንደኛ፣ በአንድ ሳምንት አስተካክላታለሁ። የሚኒስትሪ ፈተናዬ ገና ሰኔ ላይ ነው። የምማረውም ጠዋት ነው፤ ትንንሾቹ ከሰዓት በኋላ። ጊዜ ሞልቶኛል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19

አልሆነም። ትናንትም ዛሬም ቁጭ አድርጌ አስጠናኋት። ከሃያ አራት ብርቱካን ዘጠኙ ቢበሰብስ ስንት ደህና ብርቱካን ይተርፋል? ታየኛለች። ደገምኩ። ታየኛለች። ጮህኩ። አሁን ግድግዳውን ታያለች። እማዬ ከጓዳ፣ ልጄን አታደንቁርብኝ፣ አንዱን ቀብሬያለሁ አለች። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ተመልሼ ያንኑ በኦሮምኛ ጠየቅኋት። ሳልጨርስ አሥራ አምስት አለችኝ። ሌላ ሰጠኋት። መለሰች። ማካፈሉንም። እንዲያውም አንድ ስህተት ያዘችብኝ፤ ይህን ለሰው አልናገርም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጫልቱ ያደገችው ጭልሞ፣ አያታችን ዘንድ ነው። ወደ ከተማ የመጣችው ካቻምና። እቤት የምናወራው ኦሮምኛ። የገበያ አማርኛ አላት፣ የመጽሐፉ የላትም። ታዲያ በምን አምስተኛ ወጣሽ? እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ጉታ ይነግረኝ ነበራ!»

ጉታ ሁለት ዓመት ቢበልጣትም አንድ ክፍል ነበሩ፣ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን። መምህርቷ የምትናገረውን እሱ በጆሮዋ ሹክ ይላታል፣ እሷ ትሠራለች። አሁንስ አጠገብሽ ያለው ለምን አይነግርሽም? አጠገቧ ሰው የለም። ለምን?

«የጉታ ቦታ ነዋ።»

ዓርብ፣ ሚያዝያ 21

ከአባዬ ጋር ት/ቤት ሄድን። ካፖርቱን ለብሷል፤ ለቀብሩ ከለበሰው ወዲህ ዛሬ ነው ያወጣው። የጫልቱ መምህርት ወ/ሪት ዘነበች ናት። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ወጣት፣ ጣቷ ሁልጊዜ ጠመኔ። ኦሮምኛ አታውቅም። ክፉ ሰው አይደለችም። አስቀድማ ስለ ሐዘናችን ጠየቀች፣ ከዚያ ወደ ነገሩ ገባች።

ያለችው ባጭሩ፦ ክፍሉ ጢም ብሏል፣ እሷ አንድ ናት። ለደካሞቹ ብላ ብትቆም መጽሐፉ አያልቅም። ጫልቱ በዚህ ከቀጠለች ትወድቃለች፤ የወደቀ ደግሞ ቦታው አይጠበቅለትም፣ ለመመዝገብ ደጅ የሚጠና ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ እቤት ትጠና።

አባዬ ዕድሜውን የኖረው ከወፍጮ ጋር ነው፤ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅም። እቤት የሚያስተምር ቢኖር ለምን ወደናንተ እልካታለሁ! የበረታውማ በርትቷል፣ ት/ቤት የተሠራው ላልበረታው አይደለም ወይ! አለ። ከሚቀጥለው ክፍል ሁለት ራስ ብቅ አለ።

እኔ የጉታን ነገር ነገርኳት። ጠመኔውን አስቀመጠች። በእሷ ክፍል ሹክሹክታ የለም፤ ያንሾካሾከ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ጉታ በየሳምንቱ ግድግዳው ጋ ነበር። እንዲያውም ልጃችሁ ይረብሻል ብላ ልካብን ታውቃለች። አባዬም አስታወሰ። በዚያ ቀን ገርፎታል።

አባዬ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። 

እሷም ቀስ ብላ ቀጠለች። አላወቅሁም አለች። ቢሆንም ለአንድ ልጅ ብፈቅድ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ባዶውን ቦታም እኔ አይደለሁም የተውኩት፣ ልጆቹ ናቸው፤ ለጓደኛቸው ክብር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተውኳቸው። እውነቷን ነው፣ ክብር ነው። ግን ክብሩ ጫልቱን ብቻዋን አስቀርቷታል። ይህን ማንም አላሰበውም። እኔም ብሆን እስከ ረቡዕ አላሰብኩትም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 23

አባዬ ለእማዬ ነገራት፦ ሌላ ልጅ እዚያ ቦታ ላይ ይቀመጥ። ባይነግራት ይሻል ነበር።

ልቅሶው ላይ የክፍሉ ልጆች መጥተው፣ ቦታው ላይ ማንም አይቀመጥም ብለዋት ነበር። መርቃቸዋለች፤ ግንባራቸውን ስማለች። አሁን እንዴት ብላ ታንሳው? ልብሱን ለድሃ ሰጠን፣ አልጋውን አጠፍን፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው አለች። እሱንም ከምትነኩብኝ ጫልቱ ትቅር። ከእኔ ጋር ትዋል።

አባዬ ጮኸ። እማዬ አልጮኸችም፤ አለመጮኋ ነው የሚብሰው። ጫልቱ መሐላቸው ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች፣ ታስራለች።

  አንድ ነገር ላንተ ብቻ፦ ከሰዓት አንዳንዴ በሦስተኛ ክፍል መስኮት በኩል አልፋለሁ። ያንን ቦታ አያለሁ። ሌላ ልጅ ተቀምጦበት ማየት እኔም አልፈልግም። ጫልቱ ግን እቤት አትቀርም። ሁለቱንም አልፈልግም፤ አንዱን መምረጥ ደግሞ ግድ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ስማ። ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩ አላድርም።

ከሰዓት ነው። መስኮቱ ጋ ነኝ። አባዬ ወፍጮ ቤቱን ትቶ፣ ማንንም ሳያማክር መጣ። በሩን አንኳኳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሰላም ብሎ ገባ። ቀጥ ብሎ ሄደ። የጉታ ቦታ ላይ ቁጭ። ወንበሩ ጮኸ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ልጆቹ እህ! አሉ። ወ/ሪት ዘነበች ጠመኔዋን እንደያዘች ቀረች።

«ቀጥሉ፣ ወይዘሪት» አላት። «ከልጄ ጋር ልማር ነው።»

ምን ታድርግ? ቀጠለች። ትምህርቱ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። አባዬ ወደ ጫልቱ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ ሹክ አላት። ሹክ ማለቱ ነው እንግዲህ። እኔ ደጅ ሆኜ ሰማሁት! ቆላ ማለት ባኮ ነው፣ በቆሎ ላመጣ የሄድኩ ለት ሸሚዜን አውልቄ ያደርኩበት! ክፍሉ ፈነዳ። አዲስ ዓለምም ቆላ ነው፣ አንዴ እዚያ አልቦኛል፣ አለ። ጫልቱ፣ አባዬ፣ ቆላስ አይደለም እኮ አለችው። እሷ አረመችው!

ከኋላ ሽፈራው የሚባለው የሹፌር ልጅ ተነሣ። ምላሱ ጤና የለውም።

«ወይዘሪት፣ ኦቦ ፈይሳ ሹክ አሉ! ግድግዳ!»

ልጆቹ ተቀበሉት፦ ግድግዳ! ግድግዳ! ወ/ሪት ዘነበች ፊቷ ቀላ። አይገባም፣ ልጆች፣ አባት ናቸው አለች። አባዬ ግን ይስቃል። እየሳቀ ተነሣ። ሕግ ሕግ ነው አለና ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀ። አባዬ ግን አልዞረም። ከካፖርቱ በላይ አንገቱ ይታየኛል። ጉታ በየሳምንቱ ይቆም የነበረው እዚያው ጋ ነው። ይቀመጡ ኦቦ ፈይሳ አለችው። አልሰማም። እባክዎ ይቀመጡ። ጫልቱ ሄዳ እጁን ይዛ አመጣችው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 27

የነፃነት በዓል። ጠዋት ተሰለፍን፣ ዘመርን፣ ተበተንን።

ወሬው ገበያ ደርሷል። የእማዬ ወዳጆች፣ ባልሽ ሦስተኛ ክፍል ገባ አሉ፣ ደብተር ገዛሽለት ወይ ይሏታል። ተናዳ ገባች። ከዚያ ጫልቱን፣ ለመሆኑ ምን አደረገ አለቻት። ጫልቱ ተነሥታ አሳየቻት። ወንበሩን፣ ጉልበቱን፣ «ሹክሹክታውን»። ጫልቱ ከየካቲት ወዲህ ሰው ስታስቅ ዛሬ ገና ነው። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ጫልቱ ግድግዳው ጋ ስትደርስ እማዬ መሳቋን ተወች። ፊቷን በዚያው ነጠላ ሸፈነች።

ቆይታ፣ ማን ይቀመጥ ነው የምትሉት? አለች። ጫልቱ ሳታመነታ፦ ሽፈራው።

የጉታን ጥርስ የሰበረው! በገና ጨዋታ፣ በዱላ። እማዬ ስሙን ስትሰማ ተነሣች። ጫልቱ ግን አስረዳቻት፦ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፣ ሌሎቹ በክፍል ኦሮምኛ ማውራት ያፍራሉ፣ እሱ አያፍርም። ምንም ነገር አያፍርም። እማዬ እሺ አላለችም። አልከለከለችምም። ልብ በል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28

ወ/ሪት ዘነበችን ብቻዬን አነጋገርኳት። ተዘጋጅቼ ነበር፣ ክርክሬን በሦስት ከፍዬ። አንዱም አላስፈለገኝ። ቀደመችኝ።

ከማክሰኞ ጀምሮ አስባበት ኖሯል። ኋላ ያሉት ሁሉ ሰነፍ ይመስሉኝ ነበር አለች፤ አሁን የትኛው ሰነፍ፣ የትኛው ያልገባው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ አዲስ ሕግ፦ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፋ እጇን ዝቅ ስታደርግ የሚያውቅ ለማያውቀው ይነግረዋል። እጇን ስታነሣ ጸጥታ። ለጫልቱ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም። ገበያ ከሆነስ? አልኳት። ገበያም ሕግ አለው አለችኝ። ወደድኳት።

በቦታው ግን ተቸግራለች። ዛሬ ጫልቱ ነግራት ሽፈራውን ሂድ ተቀመጥ ብትለው አሻፈረኝ ብሏል። ምንም የማያፍረው ሽፈራው! ይገድለኛል አለ አሉ። ማን? ጉታ። ልጆቹም ደገፉት። ቃል ገብተዋላ። ቃሉን ማንሳት የምትችለው የተቀበለችው እማዬ ብቻ ናት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 30

እማዬ ሽፈራውን አስጠራችው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእናቱ ኋላ ተደብቆ መጣ። ጥርሱን ሊሰበር የመጣ ይመስላል፤ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ እንዳያመልጥ።

እማዬ ዳቦ ሰጠችው። አልበላም። ለምን እንቢ አልክ? ጉታን ትፈራዋለህ? ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔስ ስትጣሉ አልፈራሁም ነበር፤ በበነጋው ታርቃችሁ በአንድ ኳስ ስትጫወቱ አይቻለሁ፣ አለችው። ልጁ ያን ጊዜ አለቀሰ። እንባው ዳቦው ላይ። ጓደኛው ነበር ለካ። ማን ጠየቀው? እኛ የሐዘኑ ባለቤቶች ነን ብለን ስንቀመጥ፣ እሱ የት ሄዶ ያልቅስ?

ነገ እመጣለሁ አለችው። ራሴ አስቀምጥሃለሁ። ከተቀመጥክ በኋላ ዝም ብትል ግን ጉታ ሳይሆን እኔ ነኝ የምገድልህ።

ዳቦውን በላ። ሁለተኛም ጠየቀ።

ሰኞ፣ ግንቦት 1፣ ሊመሽ ሲል

ልደታ ነው፤ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል። እኔ ልጽፍ ገባሁ።

እማዬ ሄደች። በሕይወቷ ት/ቤት ስትገባ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ነጠላዋን አስተካከለች። ልጆቹ ተነሡ። እሷም በኦሮምኛ ተናገረች፣ ረጋ ብላ፣ ዓይኗን ከወንበሩ ሳታነሣ። ወ/ሪት ዘነበች፣ ምን አሉ? ብላ ዙሪያዋን አየች። እኔ በመስኮት ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። የኔ ሥራ ነው፣ ለዚህ ተወልጃለሁ።

ጫልቱ ቀደመችኝ። ብድግ ብላ በአማርኛ፦

«እናቴ ናት ያለችው። ልጆች፣ ቃላችሁን አከበራችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። አሁን በቃ። የሞተው አይማርም። ያለችው ትማር። ሽፈራው ይቀመጥ።»

አንዳንዱ ቃል ተሰናክሏል። ግን ሁሉም ገባው።  እማዬ ለሽፈራው «ታኢ» አለችው፣ ተቀመጥ ማለት ነው፤ ይህን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። ልጁ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ቀስ እያለ ገባ። አየሁት። አመመኝ፤ ግን ችዬ አየሁት።

ከዚያ ጥያቄ ተጻፈ፣ እጇ ዝቅ አለ፣ ክፍሉ በሙሉ መንሾካሾክ ጀመረ። ከኋላ ወንበር ያሉ፣ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች ሁሉ። ሽፈራው ለጫልቱ ያስረዳታል፤ ግማሹ ስህተት ነው፣ መስኮቱ ጋ ሆኜ ሰማሁ። ጫልቱ ታርመዋለች።

እማዬ ስንመለስ ወሰነች፦ ብትወድቅም ደጅ ጠንተን ትደግማለች፣ እቤት አትቀርም። አባዬ እሰይ አለ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

እኔም ወስኛለሁ። ነገ ጠዋት ክፍሌ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፦ ሁለቱን ቋንቋ የምታውቁ ሁሉ፣ ከሦስተኛ ክፍል የኋላ ወንበር አንድ አንድ ልጅ እንውሰድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናስጠና። ፈተና አለብን የሚለኝ ይኖራል። እኔስ የለብኝም? አንደኛ ነኝ፣ ይሰሙኛል። የማይሰማኝ ካለ ደግሞ

ጫልቱ ፋኖሱን ልትወስድ መጣች። የቤት ሥራ አለኝ ትላለች። ቆይ አልኳት፣ አንድ መስመር ብቻ። አልቆይም ብላ ፋኖሱን