መቀሶቹ የቆራጯ ይሁኑ

እኔ የጃንጥላ ወርክሾፑ ባለቤት፣ ሰፈሩ «እማማ ጥላ» የሚለኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ሚያዝያ ፲፬ ቀን፣ ከስፌት ማሽኖቹ በላይ ባለችው ክፍሌ ትራስ ተደግፌ ቃሌን እሰጣለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አብሮኝ አለ። የሚጠራጠር ካለ የአሥራ አራቱን ሠራተኞቼን የጫማ ቁጥር ይጠይቀኝ።

አንደኛ፤ ቁም ሣጥኔን ለእህቴ ሰጥቻለሁ። በሩ ሲጢጥ ይላል እያለች ሠላሳ ዓመት አማችው፤ አሁን ራሷ ዘይት ትቀባው።

ሁለተኛ፤ ስለ ወርክሾፑ። ዝናብ ድንገት የጠፋ ዓመት ሁለቱንም ልጆቼን አይቻቸዋለሁ። ስምንት መቶ ጃንጥላ ገዢ አጥቶ እስከ ጣሪያ ሲከመር፣ ወንዱ ልጄ መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ «ይዘንባል እማዬ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ተቀመጠ። ሰባት ወር ሙሉ እንቁላሉ አልተራመደም። ሴቷ ልጄ ደግሞ «ከእንግዲህ የምንሸጠው ለፀሐይ ነው፤ ነፋስ ይግባበት!» ብላ በአንድ ጠዋት ያገኘችውን ጃንጥላ ሁሉ ጎኑን በመቀስ ቀደደችው። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ወንዱ «አላልኩም?» አለ፤ በስብሶ ነው ቤቱ የገባው።

ያዳነችን የጨርቅ ቆራጫችን ናት። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት ቀን ቆማ፣ ሰዎች ጃንጥላ ፊታቸውን ጋርዶባቸው ሲጋጩ አየች። ተመልሳ ቀዳዳዎቹን መስታወት በመሰለ ላስቲክ ደፈነች፤ «መንገድ የሚያሳይ ጃንጥላ» ብለን ሸጠን ጨረስን። ማንም ሥራውን አላጣም።

ስለዚህ ወርክሾፑ የሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን፤ መቀሶቹ ግን በሙሉ የቆራጯ ናቸው። ሴት ልጄ መቀስ ስትሻ እርሷን ታስፈቅድ። ወንድ ልጄ «እንታገሥ» ማለት የሚችለው ሦስት ቀን ነው፤ በአራተኛው ወንበሩ ይወሰድበት።

ሦስተኛ፤ ምስክሬ ፀጉር አስተካካዩ ለጥገና የሰጠን ጃንጥላ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዛሬውኑ ይመለስለት።

ይህን ሳስጽፍ ወንዱ ልጄ «እማዬ፣ ምን አስቸኮለሽ? ፊርማው ለነገ ይደር» አለ። ሴቷ ወረቀቱን «የየድርሻችንን እንያዝ» ብላ ለሁለት ልትቆርጠው ተነሣች።

«መቀሱን መልሽ፣ የኔ እህት» አለቻት ቆራጯ።

«ገና አልሞተችም እኮ!» አለች ልጄ መቀሱን እንደያዘች።

ጸሐፊው ይህንንም ይጻፍልኝ። መቀሶቹ ሞቴን ሳይጠብቁ ከአሁኗ ደቂቃ ጀምሮ የቆራጯ ናቸው። ልቤ ዐርፏል።

የተናዛዥ ፊርማ፦ እማማ ጥላ

ምስክሮች፦
የጎረቤት ልብስ ሰፊ (ፈርሟል)
ጡረተኛዋ መምህርት (ፈርማለች፤ ሁለት የፊደል ስሕተት አርማለች)
ፀጉር አስተካካይ (ጃንጥላውን ተረክቦ ፈርሟል፤ ጎኑ ተቀድዷል)