ኮሌጅሽ ማንበብ ያቃተው ደብተር

ወይንዬ፣

ካጣሁሽ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። ልጃችን ማህሌት ባሏንና ልጇን ይዛ ከወንዝ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ መጥታ ነበር፤ የእድራችን ሰዎችም አልቀሩም። ሁሉም አጽናንቶኝ ሲያበቃ ወደየቤቱ ሄደ፤ እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለችው አፓርታማችን ተመለስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ እንደ ልማዴ «መጣሁ» አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ትቼዋለሁ።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ሶፋው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። ጸደይ በመጣ ቁጥር ሶፋውን ወደ መስኮቱ፣ ጠረጴዛውን ወደ ኮሪደሩ አስገፍተሽኝ ሳሎኑን መድረክ ታደርጊው አልነበር? አንቺ እየተራመድሽ ስታስቢ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ የተዋናዮቹን ቃል አነብልሽ ነበር። ንግሥት ሆኜ አውቃለሁ፤ ዳኛም ሆኛለሁ፤ አንዴም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ አድርገሽኝ እስኪያስለቅስሽ ስቀሽብኛል። በቀደም ቤቱን ሳጸዳ ሶፋውን ገፋ ባደርገው፣ እግሮቹ ምንጣፉን አራት ቦታ አጎድጉደውታል። ብዙ ብቦርሸውም አልነሳ አለኝ።

ማህሌት እኔ ጋ ግባ ትላለች። «ዳድ፣ ብቻህን እዚያ ምን ታደርጋለህ?» ትለኛለች በየሳምንቱ። ጊዜ ስጪኝ እላታለሁ። ለምን ጊዜ እንደሚያስፈልገኝ እኔም አላውቀውም ነበር፤ ብርዱ ሊወጣ ሲል ከኮሌጅሽ እስኪደወልልኝ ድረስ።

የደወለችው በአንቺ ቦታ የተተካችው ወጣቷ መምህርት፣ ኬት ናት። አንቺ ሆስፒታል ስትገቢ ያቋረጥሽው ቴአትር እንደቆመ ቀርቷል። አብረውሽ የጀመሩት አራት ልጆች ዘንድሮ ተመራቂዎች ናቸው፤ ሳንጨርሰው አንሄድም ብለው ያዟት። «ጭንቀታችን ምን መሰለዎት» አለችኝ፣ «ፕሮፌሰር ወይኒ እያንዳንዱን ነገር ደብተሯ ላይ አስፍራዋለች። ማንበብ ግን አልቻልንም። በአማርኛ ነው።»

ሳቄ መጣ። አንድ ጊዜ ለምን በእንግሊዝኛ እንደማትጽፊ ብጠይቅሽ፣ «በእንግሊዝኛ ሳስብ ጨዋ እሆናለሁ፤ እውነቱ የሚመጣልኝ በአማርኛ ነው» ብለሽኝ ነበር።

በማግስቱ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። አዳራሽሽ ያው ነው። የፈረስ ጋጣ የነበረ ቤት፤ ዝናብ ሲዘንብ ዛሬም የፈረስ ሽታ አለው ይላሉ ልጆቹ። ለአንድ ዓመት ምትክ መምህርት ሆነሽ ገብተሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቆየሽበት ቤት። በቴአትር ክፍሉ አንቺና መድረኩን የሚሠራልሽ አናጢ ብቻ ነበራችሁ። ተማሪዎችሽም ነርስነት የሚያጠኑ፣ ለኮሌጁ በትግል ስፖርት የሚወዳደሩ፣ አንድ ኮርስ ጎድሏቸው የመጡ ነበሩ።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ታስታውሺያለሽ? ልጆቹ ግምገማው ላይ «አክሰንቷ አይገባንም» ብለው ጻፉብሽ። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ መኪናችን ውስጥ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ አገኘሁሽ። እንደምትተዪው እርግጠኛ ነበርኩ። አንቺ ግን ሰኞ ክፍል ገባሽና ሰሌዳው ላይ «ለሦስት ሳምንት ማንም አይናገርም» ብለሽ ጻፍሽ። ያለ አንዲት ቃል ሙሉ ቴአትር አሠራሻቸው። ከዚያ በኋላ ስለ አክሰንትሽ ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

የእኛ ሰዎች ግን ሌላ ነበሩ። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ «ምንድነው የምትሠሪው?» ይሉሻል። «ቴአትር አስተምራለሁ» ስትያቸው፣ «እሱስ ይሁን፣ ዋና ሥራሽን ማለታችን ነው» ይሉሻል። ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ይኼን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን አብሬ እስቅ ነበር።

እንግዲህ የዳላሱን ነገር ላንሳው። በሕይወት ሳለሽ አንድም ቀን አላነሳነውም።

ወንድሜ ዳላስ ላይ ቤት የሚያድስ ድርጅት ከፍቶ ና አብረን እንሥራ ሲለኝ፣ የአፓርታማ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ መቅረቴ ያንገበግበኝ ነበር። አንቺ ተማሪዎቼን ትቼ አልሄድም አልሽ። እኔም ማህሌት እየሰማች፣ «ለጨዋታ ሥራ ብለሽ ነው እኔን የምታስቀሪኝ?» አልኩሽ። ብቻዬን ሄድኩ። ሰባት ወር ቆየሁ። ሥራውም አልሆነ፣ ከወንድሜም ጋር አልተስማማንም። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሳልደውል፣ ሻንጣዬን ይዤ በራችን ላይ ቆምኩ። ከፍተሽ አየሽኝ። ከዚያ «ምሳ በልተሃል?» አልሽኝ። አበቃ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል አልወጣሽም። እኔም ዝምታሽ ንቀት ይመስለኝ ነበር። ሌላው ቢቀር ልትቆጣኝ እንኳ አልፈለገችም እል ነበር በልቤ።

ወደ ደብተርሽ ልመለስ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላ ፊተኛው ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ አነብላቸው ጀመር። የድሮ ተማሪሽ የጻፈችው ቴአትር ነው፤ መርከብ ላይ ለመሥራት ከቤቱ ወጥቶ ከዓመታት በኋላ ስለሚመለስ ባል። «ማርከስ እጁን ኪሱ ይክተት፤ እጁ በታየ ቁጥር ውሸቱ ያስታውቅበታል» ብለሽ ጽፈሻል። ስተረጉምላቸው በሳቅ ፈረሱ። ማርከስ ባልየውን የሚጫወተው የትግል ስፖርተኛው ልጅ ነው፤ በር የሚሞላው። ሚስትየዋን ለምትጫወተው ለጄና ደግሞ «ትቸኩላለች፤ ከመናገሯ በፊት ውኃ ትጠጣ» ብለሻል። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሷ ናት፣ በትክክል እሷ ናት» አለች። እኔም ድምፅሽን ሰማሁት። የሰማሁት በእኔ አፍ ስለሆነ ደግሞ የባሰ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ባልየው ወደ ቤቱ ወደሚመለስበት ትዕይንት ደረስን። ገጹን ገለጥኩ። እንዲህ ይላል፦

«እዚህ ላይ ደረጀ ከዳላስ የመጣ ቀን እንደቆመው ይቁም። ሻንጣውን አያስቀምጥ። አስቀምጥ እስክትለው ይጠብቅ፤ ቤቱ አሁንም የእሱ መሆኑን አላመነም። እሷም አትቆጣው። ምሳ በልተሃል ትበለው። ቁጣ አጥታ አይደለም። ፈርታ ነው። አንድ ክፉ ቃል ከአፏ ከወጣ ተመልሶ የሚሄድ መስሏት ነው።»

ኬት ትጠብቃለች። ልጆቹ ይጠብቃሉ። «ዝም ይበል ነው የሚለው» አልኩና ገጹን አለፍኩት።

ቤት ገብቼ ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። አሥራ ስምንት ዓመት ወይንዬ። አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንቺ እንዳልሄድ ስትፈሪ፣ እኔ ንቃኛለች ስል። ብንነጋገር አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ነገር ነበር። አሁን ባውቀው ማንን ልጠይቅ? ማንን ላባብል?

በሚቀጥሉት ሁለት ልምምዶች ማርከስ ያቺን ትዕይንት ሊሠራት አልቻለም። ትግል ሊገባ እንደተዘጋጀ ሰው ይቆማል። ኬት ብዙ ሞከረች። በመጨረሻ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሚስተር ደረጀ፣ ሌላ የጻፈችው ነገር የለም?» አለኝ።

መዋሸት አቃተኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

«እርስዎ ነዎት?» አለኝ ማርከስ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ልጁ ባዶውን ሻንጣ አንስቶ ሰጠኝና፣ «ያሳዩኝ» አለኝ።

ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ወጣሁ። ከካርቶን የተሠራ በር ፊት ቆምኩ። ሻንጣውን አላስቀመጥኩትም። ጄና በሩን ከፈተች፤ አየችኝ፤ እንዳልሽው አልተቆጣችኝም። ከዚያ በራሷ ቋንቋ «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ። ያን እሑድ ልልሽ ሲገባኝ የዋጥኩትን ቃል በአማርኛ አልኳት። «ይቅር በይኝ።» አንዳቸውም አማርኛ አይሰሙም፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ማርከስ መጥቶ ሻንጣውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ቴአትሩ የታየው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። የድሮ ተማሪዎችሽ ሞሉት፤ ከግሪንቤልት የመጣች ነርስ፣ ጠበቃ፣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነም ነበር። ማርከስ በሩ ላይ ሲቆም ትከሻው ወረደ፤ ያ ሁሉ ቁመት ጠፋ። ማህሌት አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ያዘችኝ። «ዳድ፣ ያን ቀን አስታውሰዋለሁ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔም ፈርቼ ነበር» አለችኝ። ለካ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ታየኝ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እሷንም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷን እንኳ ሳይረፍድ አገኘኋት።

ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ኬት ስምሽን ጠራች። ልጆቹ አቀፉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ከዚያ ቤት ገባሁ፣ ኮቴን ሰቀልኩ፤ እንዴት እንደነበረ የምነግረው ሰው የለም። ማን ተሳሳተ፣ መብራቱ የት ዘገየ፣ ማን ቃሉን ረሳ፤ ይህን ሁሉ ማውራት የለመድኩት ካንቺ ጋር ነው። እንዲያው ለዚህ ነው ደብዳቤውን የጀመርኩት።

አፓርታማዋን ለጊዜው አልለቅም። ኬት የቀሩትንም ደብተሮች ተርጉምልን ብላኛለች። እሑድ እሑድ አሌክሳንድሪያ እየሄድኩ እኔ አነባለሁ፣ ማህሌት በኮምፒውተር ትጽፋለች። አንዳንድ ቃል ይጠፋባትና «ምን ማለት ነው?» ትለኛለች። አንዳንዱ ለእኔም ይጠፋኛል።

ሙት ዓመትሽ ቀን ስላንቺ የተባለውን ብትሰሚ ትስቂ ነበር። ታጋሽ፣ ዝምተኛ፣ ሰው የማታስቀይም አሉሽ። የማንን ሚስት ነው የሚያወሩት አልኩ በልቤ። ግትር ነበርሽ። ቁልፍ ትጥያለሽ፤ ቀጠሮ ታረፍጃለሽ። ሰው ችግሩን ሲነግርሽ አፉን ትተሽ አቋቋሙን ታያለሽ። ከእኔ በላይ ትወጃቸዋለሽ ብዬ በተማሪዎችሽ እቀና ነበር፤ አንዳንዴም ልክ ነበርኩ። ደግሞም ፈርተሽ ነበር፤ ያንን ሳላውቅልሽ ሄድሽ። ሌላው እንዳሻው ያስታውስሽ። እኔ እስካለሁ ድረስ እንደነበርሽ ነው የማስታውስሽ፤ አንዲቷንም ሳላሳምር።

ባልሽ
ደረጀ