እሳቱ ጠፍቷል፣ ፋይሉ ግን አልተዘጋም

ለተከበሩ የጥብቅ ደኑ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ከጫካው ወጥተን መንገድ ዳር በተሠሩልን የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ሙቀትና ብርድ እየተፈራረቁብንም ቢሆን፣ ለእርስዎ ጤና ከመመኘት ቦዝነን አናውቅም። ጸሐፊዋ የጥበቃ ሠራተኞችዎን የደንብ ልብስ የምሰፋው፣ የንብ አናቢው ልጅ ነኝ።

አንደኛ፣ አራዊቱ ሰላም እንዲያገኙ ብለው ስላስነሱን አመሰግናለሁ። ዝንጀሮዎቹ ግን ሰላሙን ያልወደዱት ይመስላል፤ ተከትለውን መጥተው በቆሎአችንን ጨረሱት። አቤቱታችንም «ከደኑ ወሰን ውጭ ስለሆኑ አይመለከተንም» የሚል፣ በማኅተም ያማረ መልስ አግኝቷል። ወሰን አልፈው የማይጠየቁበትን ይህን ሕግ ለእኛም ቢያውሱን ምንኛ በታደልን።

ሁለተኛው የአባቴ ጉዳይ ነው፤ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። አባቴ በየዓመቱ በጋው ሳይበረታ፣ እሳት እንዳይሻገር ብለው ቀፎ በሰቀሉባቸው ዛፎች ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር ያጭዳሉ። ባለፈው ወር ይህንኑ ሲሠሩ የገዛ እህታቸው ልጅ፣ እኔ የሰፋሁለትን የጥበቃ ልብስ ለብሶ፣ ወሰን አልፈው ገብተዋል ብሎ ያዛቸው። «ሥራዬ ሆኖብኝ ነው አጎቴ፤ አይቀየሙኝ» ቢላቸው፣ «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፤ ማጭዱን ብቻ አንሣልኝ፣ ጤዛ ያዝገዋል» አሉት።

በዕቃ ግምጃ ቤትዎ በተቆለፈባቸው በሦስተኛው ቀን ጫካው ተቃጠለ። ጥበቃዎቹ ካርታውን እንጂ መንገዱን አያውቁትምና፣ ውኃ የት እንዳለ ሊጠይቋቸው በሩን ከፈቱ። አባቴ መርተው ወደ ምንጩ አደረሷቸው፤ እሳቱ ሣሩ ከታጨደበት ቦታ ደርሶ ሲዝል ጠብቀውም፣ እስከ ማግስቱ ቀትር ከጥበቃዎቹ ጋር በቅጠል እየመቱ አጠፉት። ከዚያም ፋይላቸው ስላልተዘጋ፣ ጥላሸቱን እንኳ ሳይታጠቡ ተመልሰው ተቆለፈባቸው። የእህታቸው ልጅ ቁልፉን ሲያዞር ያለቅስ ነበር አሉ። ለሕግ ያለዎት ክብር አስደንቆናል።

ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ እሳቱን በመቆጣጠሩ ለተሸለመው የምስክር ወረቀት እንኳን ደስ ያለዎ። አባቴ በዋስ ከወጡ ወዲህ ሳሉ አልለቀቃቸውም፤ ሐኪሙ የጭሱ ነው ብሏል። ሽልማቱን ስነግራቸው የጠየቁኝ ንቦቹ ተርፈው እንደሆነ ብቻ ነው። ገብቶ የሚያይልን ግን የለም።

ሥራዎን ያቅናልዎ፤ ወንበርዎ አጠገብ እሳት አይድረስ።

መነሣትን እንጂ መቀመጥን ያልታደለች፣ ታዛዥ ልብስ ሰፊዎ

ማሳሰቢያ፦ በመጪው የጥብቅ ደኑ የምሥረታ በዓል አባቴ «የጫካው ጥንታዊ ነዋሪ» ሆነው በር ላይ እንግዳ እንዲቀበሉ፣ ከበሩ ግን እንዳያልፉ የጻፉት ደርሶናል። የጥንት የቆዳ ልብስ እንድሰፋላቸውም ታዝዣለሁ። አባቴ ከተወለዱ ጀምሮ ሸሚዝና ሱሪ ለባሽ ናቸውና፣ የእርስዎ አያት ይለብሱት የነበረውን ቢልኩልኝ ልኩን ከዚያ እወስዳለሁ።